ለኡባህ አባት የቆምነው የኅሊና ጸሎት

ኡባህ ዒሴ ፊደል የቆጠረችው ከእኔ ዘንድ ነው። ስለዚህ ለደረሰባት ነገር ከእኔ ይበልጥ የሚጠየቅ ሰው የለም። ይህን የምለው ዛሬ ነው፤ መባል በነበረበት ጊዜ አላልኩትም።

ዘመኑ 1974 ዓ.ም. ነበር። ድሬ ዳዋ ውስጥ ጥጥ እየፈተለ ክር በሚያወጣ አንድ ፋብሪካ የዕቃ ግምጃ ቤት ጸሐፊ ሆኜ እሠራ ነበር። የፋብሪካው ሴቶች ማኅበርም ጸሐፊው አድርጎ መርጦኝ ስለነበር ከሥራ በኋላ ለሠራተኞች መሠረተ ትምህርት አስተምራለሁ። ኡባህ የጠዋት ፈረቃዋን ጨርሳ፣ ሻሿ ላይ የጥጥ ብናኝ እንደተነሰነሰ ትመጣና የኋላው አግዳሚ ላይ ትቀመጣለች። ሃያ ሁለት ዓመቷ ነበር። መጋላ ሰፈር ያደገች ልጅ ናት። ሶማሊኛውን፣ ኦሮምኛውን፣ አማርኛውን በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ታገላብጠዋለች፤ በየትኛውም ቋንቋ ግን አንዲት ፊደል አታውቅም ነበር። እጇ ፈጣን ነው። የተበጠሰ ክር ስትቀጥል ዓይኗ እንኳ ወደዚያ አይዞርም።

አራት ዓመቷ ሳለ እናቷ ሞታባታለች። ያሳደጋት አባቷ ዒሴ ዑግባድ ነው። ባቡር ጣቢያ ኩሊ ነበር። ወገቡ ሲከዳው፣ ከሶማሊያ ጋር የነበረው ጦርነት ባበቃ ማግሥት፣ ዘመዶቹ ወዳሉበት ወደ ቢዮ አዋሌ ገጠር ሄዶ ጥቂት ፍየሎችና ሁለት ግመሎች ይጠብቅ ጀመር። ልጁ አክስቷ ቤት ቀርታ ፋብሪካ ገባች። እሱ አልፎ አልፎ በሰው እጅ ቅቤ ይልክላታል። ፋብሪካው ውስጥ መልኩን የሚያውቅ ሰው አልነበረም።

ማንበብ በጀመረች በስድስተኛው ወር ገደማ ለማኅበራችን ከሶቭየት ኅብረት በአማርኛ ታትሞ የሚመጣ መጽሔት ደረሰ። ኡባህ ገልጣ ገልጣ አንድ ፎቶግራፍ ላይ ቆመች። ትልቅ ክብ ቆብ ያደረገች ሴት ናት።

«ይቺ ማን ናት?»

«ቫለንቲና ቴሬሽኮቫ ትባላለች። ወደ ጠፈር የወጣች የመጀመሪያዋ ሴት ናት። ሦስት ቀን ሊሞላት ጥቂት ሲቀረው፣ ብቻዋን መንኮራኩር ውስጥ ሆና ምድርን አርባ ስምንት ጊዜ ዞረቻት።»

«ከዚያ በፊትስ ምን ነበረች?»

«ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር የምትሠራው።»

የምቀልድባት መሰላት። «ወላሂ በይ!»

«ወላሂ» አልኳት። ክርስቲያን ነኝ፤ ግን ድሬ ላይ ወላሂ የማይል የለም።

«እናቷስ?»

«እናቷም የፋብሪካ ሠራተኛ ነበረች።»

«አባቷስ?»

«እሷ ሁለት ዓመቷ ሳለ ጦርነት ላይ ሞተ።»

ከዚያን ቀን ጀምሮ ያችን መጽሔት ከእጇ አላወጣችም። ሁለት ወር ሙሉ ታገለቻት። አንድ መስመር ለማንበብ አንድ የእረፍት ሰዓት የሚፈጅባት ልጅ፣ በመጨረሻ ጽሑፉን ከላይ እስከ ታች ያለ እኔ እርዳታ ተወጣችው። የፈተላ ክፍል ሴቶች «ኮስሞናቷ» ብለው ስም አወጡላት። እሷ አልከፋትም። እንዲያውም ጥያቄዎቿ ሁሉ እዚያው ላይ ሆኑ። እዚያ ላይ ድምፁ እንደ እኛ ማሽን ጆሮ ያደነቁራል ወይ? ፀጉሯን ምን አድርጋ አሰረችው? ስትፈራ ለማን ነገረች? አንድ ቀን ደግሞ፣ ቴሬሽኮቫ ለእናቷ ወደ ጠፈር እንደምትሄድ እንዳልነገረቻቸውና እናትየው ከራዲዮ እንደሰሙ ስነግራት ጠየቀችኝ።

«ዋሸቻት ማለት ነው?»

«ምስጢር ስለነበረ ነው።»

«ስትመለስ እናቷ አኩርፋ ጠበቀቻት ይሆን?» አለች።

በ1976 ዓ.ም. ጥር ላይ የፋብሪካው የፖለቲካ ጉዳይ ኃላፊ ጓድ ቡልቻ ጠራኝ። ከየፋብሪካው አንዳንድ ምስጉን ሴት ሠራተኛ ተመርጣ ሶቭየት ኅብረትን ሦስት ሳምንት እንድትጎበኝ ታስቧል አለኝ። ከእኛ ማን ይሁን? ሳላወላውል የኡባህን ስም ጠራሁ። በሥራዋ የሚያህላት አልነበረም። ግን እውነቱን ልናገርና፣ ካስተማርኳቸው መካከል አንዷ ሞስኮ ስትደርስ የእኔም ስም አብሮ እንደሚጠራ አስቤ ነበር።

ቡልቻ እርሳሱን ጠረጴዛው ላይ መታ መታ አደረገ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ጠንቃቃ ነበር።

«ጓድ የሺመቤት፣ ልጅቷ ጎበዝ ናት። ግን ላይ ያሉት ስሟን ሲያዩ መጠየቃቸው አይቀርም። ዘመዶቿ እነማን ናቸው? ድንበር ማዶ ማን አላት? ቅጹን አብረሻት ሙይ። ታሪኳ ንጹሕ ይሁን።»

ቅጹን ግምጃ ቤት ውስጥ፣ በክር ካርቶኖች መካከል ተቀምጠን ሞላነው። ስም፣ ዕድሜ፣ የትምህርት ደረጃ እያልን ቆየንና «የአባት ሁኔታና ሥራ» ከሚለው ላይ ደረስን። ኡባህ የሻሿን ጫፍ ጣቷ ላይ ትጠመጥም ጀመር።

«አለ ካልኩ የት ነው ይላሉ» አለች። «ቢዮ አዋሌ ካልኩ ምን ይሠራል ይላሉ። በግመል ምን ያሻግራል ይላሉ። ይሄ የእኔ ስም አንሶ ነው?»

«እንግዲህ ምን ልጻፍ?»

ከዚያ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «እንደ ቴሬሽኮቫ አባት ነው በይ» አለች።

ብዕሬን አነሳሁ። አባቷ በሕይወት እንዳለ አውቅ ነበር። ባለፈው ሳምንት የላከላትን ቅቤ ከእሷ ጋር ዳቦ ላይ ቀብቼ በልቻለሁ። ቢሆንም ጻፍኩ፦ «በ1969 ዓ.ም. ከሚሊሺያ ጋር ዘምቶ ለእናት ሀገሩ የተሰዋ።» ጽሕፈቴ ያምራል። ያን ቀን ደግሞ ከሌላው ቀን ይበልጥ አሳምሬ ጻፍኩት።

«ጻፍሽው?»

«ጻፍኩት።»

«አስተግፊሩላህ» ብላ አላህን ይቅርታ ለመነችና ተነስታ ወደ ማሽኗ ሄደች። እኔ ቅጹን አጥፌ ለቡልቻ ወሰድኩለት። አነበበና ፊቱ በራ።

የካቲት 29 የሴቶች ቀን በምግብ አዳራሹ ውስጥ ተከበረ። ማሽኖቹ ለሁለት ሰዓት ቆሙ። ወንበር ያልደረሰው ሰው ግድግዳ ተደግፎ ቆመ፤ ድምፁ ለግቢውም እንዲዳረስ ድምፅ ማጉያ ወደ ውጭ ዞሮ ተሰቀለ። ኡባህ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው ፊት ቆማ ከወረቀት አነበበች። ስለ ቴሬሽኮቫ ነበር ያነበበችው። ሁለት ቦታ ተደናቀፈች፤ ተመልሳ አስተካከለች። የፈተላ ክፍል ሴቶች እልል አሉ። የተሰጣትን የምስክር ወረቀት ደረቷ ላይ ይዛ ልትወርድ ስትል ቡልቻ ማይክሮፎኑን ተቀበለ።

«ጓዶች! የዚያች ጀግና አባት ለሀገሩ እንደወደቀ ሁሉ፣ የጓድ ኡባህም አባት ለዚህች ከተማ ደሙን አፍስሷል። ለዒሴ ዑግባድ የኅሊና ጸሎት እናድርግ!»

ሁላችንም ተነሳን። እኔም ተነሳሁ፤ አንገቴንም ደፋሁ። ቀና ብዬ ኡባህን ለማየት አልቻልኩም።

በዚያች ደቂቃ ዒሴ ዑግባድ የፋብሪካው በር ላይ ቆሞ ነበር።

የሆነውን በኋላ የነገረኝ ዘበኛው አየነው ነው። ልጅህ ልትሸለም ነው ብሎ አንድ የመጋላ ሾፌር ነግሮት፣ በጭነት መኪና ተሳፍሮ መጥቷል። የታጠበ ሽርጥ ለብሷል። በአንድ እጁ ዱላ፣ በሌላው በጀሪካን የግመል ወተት ይዟል። አየነው ከጎጃም የመጣ ሰው ስለነበር ሽማግሌ አንቱ ማለት አልተወም።

«ማንን ፈልገው ነው፣ አባባ?»

«ኡባህን። የኡባህ ዒሴ አባት ነኝ» አለው በተሰባበረ አማርኛ።

አየነው ግራ ገብቶት ወደ ድምፅ ማጉያው አመለከተ። «አባባ፣ እሳቸው እኮ ተሰውተዋል። አሁን ለእሳቸው ነው ሰዉ የቆመው። አልሰሙም እንዴ ስማቸው ሲጠራ?»

ሽማግሌው ስሙ ሲጠራ ሰምቶ ነበር። በደስታ ነው ያዳመጠው፤ ለምን እንደጠሩት ነው ያልገባው። አሁን ገባው። ጀሪካኑን መሬት ላይ አስቀመጠና «አማርኛ አልችልም፤ አበላሸሁት» አለ። «ወንድሙ ነኝ። የአባቷ ወንድም።»

አየነው ትልቅ እንግዳ ያገኘ መስሎት እጁን ይዞ አዳራሹ ድረስ አስገባው። «የሰማዕቱ ወንድም መጥተዋል!» ብሎ ለቡልቻ ሲያበስር ኡባህ ከመድረኩ ሥር፣ ከእኔ አጠገብ ቆማ ነበር። አባቷን አየችው። ከንፈሯ «አቦ» ለማለት ሲከፈት አይቻለሁ፤ በሶማሊኛ አባት ማለት ነው። እሱ ፈጠን ብሎ በሶማሊኛ ተናገራት።

«ነይ የወንድሜ ልጅ፣ አጎትሽን ሰላም በይ።»

ሦስት መቶ ሰው እያየ ሄደች፤ እጁን ይዛ ሳመችና «አዴር» አለችው። አጎቴ ማለት ነው። የምስክር ወረቀቷ ከእጇ ወድቆ አንዲት ሴት አነሳችላት።

እዚያ ላይ ቢያበቃ ምንኛ በተሻለ! ቡልቻ ግን ሽማግሌውን ከክብር እንግዶቹ ጋር አስቀመጠና ስለ ወንድሙ ጥቂት እንዲናገር ጠየቀው። በሶማሊኛ ይናገር፣ ጓድ የሺመቤት ትተረጉማለች አለ። የከዚራ ሰፈር የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝ፤ ሶማሊኛ ከጎረቤት ልጆች ጋር ስጫወት የለመድኩት ነው። የዚያን ቀን ግን ባልለመድኩት ብዬ ተመኘሁ። ከሽማግሌው ጎን ቆምኩ። ግመል ግመል፣ ጭስ ጭስ ይሸት ነበር። ሰውን ሳይሆን ወለሉን እያየ፣ ቀስ እያለ ተናገረ፤ እኔም እየተከተልኩ ወደ አማርኛ መለስኩት።

«ወንድሜ ትልቅ ሰው አልነበረም። ባቡር ጣቢያ ዕቃ ይሸከም ነበር። ሚስቱ ስትሞት ሌላ ሚስት አግባ አልነው። እንጀራ እናት ልጄን ትመታብኛለች ብሎ እምቢ አለ። ጣቢያው ላይ ሥራ ሲበዛ ልጅቷን ከጆንያዎቹ ላይ አስቀምጦ፣ አንቺ ዕቃ ጠብቂ ይላት ነበር። ስትደክም ይሸከማታል። ከጆንያ ትቀላለች ይል ነበር።»

ዱላውን ወደ ሌላው እጁ አዛውሮ ቀጠለ።

«ጦር ሜዳ ስለ መዋሉ እኔ የማውቀው የለም። ይቺን ልጅ ግን ይወዳት ነበር። ያን አውቃለሁ።»

የጦር ሜዳውን ነገር አልተረጎምኩትም። «ልጁን ይወዳት ነበር» ብዬ ጨረስኩ። ጭብጨባው አዳራሹን ሞላው። ቡልቻ አቀፈው። አንዳንድ ሴቶች አለቀሱ። ዒሴ ዑግባድ ለራሱ ሞት የተጨበጨበለትን እጅ ነስቶ ተቀበለ።

ከበዓሉ በኋላ እኔና ኡባህ ወደ መኪናው ሸኘነው። የደቻቱን ደረቅ ወንዝ አሸዋ ማቋረጥ ጀመርን። መሀል ላይ ስንደርስ ኡባህ ተንበርክካ እግሩን ያዘች።

«አቦ!»

«ተነሺ፣ ሰው ያይሻል» አላት። ሊያነሳት ጎንበስ ሲል ወገቡ እምቢ ስላለው እኔ አነሳኋት። እየሄድን ጠየቃት።

«ያቺ ሰማይ የወጣችው ሴትዮ፣ አባቷ የእውነት ሞቷል?»

«አዎ።»

«መቼ?»

«ሁለት ዓመቷ ሳለ።»

«ምስኪን» አለ። «ሳታውቀው ነው ያደገችው ማለት ነው።»

አልተቆጣም። ቢቆጣ ለሁለታችንም ይቀለን ነበር። መኪናው ላይ ሲወጣ ባዶውን ጀሪካን እንድትሰጠው ጠየቃት፤ ጀሪካኑ የሰው ነው አለ።

ኡባህ አንድ ሳምንት ምግብ አልቀመሰችም ማለት ይቻላል። በስምንተኛው ቀን ለቡልቻ እውነቱን ልነግረው ነው አለችኝ። አብሬሽ ልግባ አላልኳትም። ውጭ፣ ከቢሮው መስኮት አጠገብ ቆሜ ጠበቅኩ፤ ሁሉም ነገር ይሰማኝ ነበር።

«አባቴ አልሞተም። ያን ቀን ያቀፍከው ሰውዬ አባቴ ነው።»

ወንበር ሲጢጥ ሲል ሰማሁ። «ማን ነው ይሄን የጻፈው?»

ከመስኮቱ ሥር ዝቅ አልኩ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለች ኡባህ። «እኔ ካላልኩ ማን ይጽፋል?»

ቡልቻ ሲናገር ድምፁ ደክሞ ነበር። «የቅጹ አንዱ ቅጂ አዲስ አበባ ሄዷል፤ ሌላው ፋይልሽ ውስጥ ነው። ይሄ ነገር ቢወጣ አንቺም እኔም እንጠየቃለን። ታምሜያለሁ በይ፤ ጉዞው ይቅር። ስለ አባትሽ ግን ዳግመኛ እንዳታነሺ።»

በእሷ ቦታ ማን እንደሄደ መናገር አለብኝ። እኔ ሄድኩ። እምቢ ማለት እችል ነበር፤ ማንም አላስገደደኝም። በአዲስ ካፖርት ሦስት ሳምንት ተዘዋወርኩ። በአንድ የክር ፋብሪካ መግቢያ ላይ የቴሬሽኮቫን ትልቅ ሥዕል ተሰቅሎ አየሁ፤ ከፊቱ ቆሜ ፎቶግራፍ ተነሳሁ። ስመለስ ያን ፎቶግራፍ ለኡባህ አልሰጠኋትም፤ አፈርኩ። እሷ ግን ግምጃ ቤት ድረስ መጥታ ጠየቀችኝ።

«አየሻት?»

«ሥዕሏን ብቻ።»

«የአባቷ መቃብር የት እንደሆነ ታውቅ እንደሆነ ጠየቅሽልኝ?»

እንዲህ ዓይነት ጥያቄ ወደ አእምሮዬም አልመጣም ነበር። አልጠየቅኩም አልኳት። ራሷን ነቅንቃ ወጣች።

ከዚያ በኋላ ኡባህ በየአስራ አምስት ቀኑ ቢዮ አዋሌ ትመላለስ ጀመር። ስኳርና ሻይ ቅጠል ትወስድለታለች፤ ጀርባውን ታሽለታለች። ፋብሪካ ውስጥ «አጎትሽ እንዴት ነው?» ይሏታል፤ «ደህና ነው» ትላለች። እንዲህ ባለች ቁጥር ፊቷን ወደ ግድግዳ ስታዞር አያለሁ። ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። ቡልቻም ወደ ሌላ ከተማ ተዛወረ።

በ1979 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ዒሴ ዑግባድ ሞተ። ኡባህ ለአስተዳደር ክፍሉ የፈቃድ ማመልከቻ በራሷ እጅ ጻፈች፦ «አባቴ ስለ ሞተብኝ»። ጸሐፊው ዓብዱልአዚዝ ፋይሏን ገልጦ አየና መልሶ ሰጣት።

«እህቴ፣ አባትሽ በ69 ሞተዋል ይላል። ለአባት ሦስት ቀን ነው፤ ለአጎት አንድ ቀን። አጎትሽ ናቸው እንዴ?»

በአንድ ቀን ፈቃድ ሄደች።

በዚያው ዕለት እኛ፣ አስራ ስድስት የምንሆን የሥራ ባልደረቦች፣ በፋብሪካው መኪና ለቅሶ ደረስን። ከአንድ ግራር ሥር ምንጣፍ ተነጥፎ ነበር። የፈተላ ክፍል ኃላፊዋ ሽታዬ ቀድማ «አጎትሽን አላህ ይማራቸው» አለቻት። ኡባህ ቆማ ነበር።

«አጎቴ አይደለም» አለች። «ያ ሰውዬ አባቴ ነው። ያን ቀን በሕይወት እያለ ነው ያስቆምኳችሁ። ፊቴ ቆሞ እያየኝ አጎቴ አልኩት።»

ሽታዬ እጇ እንደተዘረጋ ቀረ። አንዴ ዝም ካልኩ ዝምታው እንደሚያድርብኝ ከሦስት ዓመቱ ተምሬያለሁ። «ቅጹን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አልኩ። «አባቷ እንዳለ እያወቅሁ ነው የጻፍኩት። ሞስኮም የሄድኩት በእሷ ቦታ ነው።» ድምፄ ቀጥኖ፣ የራሴ አልመስል አለኝ። ሁሉም ዞረው አዩኝ። ከኡባህ አጠገብ የተቀመጡት አሮጊት አክስቷ ፋዱማ አማርኛ ስለማይሰሙ «ምን እያለች ነው?» ብለው በሶማሊኛ ጠየቁ።

ኡባህ አየችኝ። ከዚያ ወደ አክስቷ ጎንበስ ብላ «አላህ ያጽናችሁ እያለች ነው» አለቻቸው። አክስቷ እጃቸውን ዘርግተው መረቁኝ። ምርቃቱን ተቀብዬ ተቀመጥኩ፤ የምገባበት ጉድጓድ አጣሁ።

ስንመለስ መኪናው ላይ ያነጋገረኝ ሰው አልነበረም። በሚቀጥለው ስብሰባ ከማኅበሩ ጸሐፊነት ወረድኩ፤ ይገባኝ ነበር። ኡባህን ግን ያገለላት የለም። እንዲያውም ሽታዬ የሥራ ቦታዋን ወደ ኡባህ ማሽን ጎን አስቀየረች።

በሳምንቱ ኡባህ ግምጃ ቤት መጥታ «ተነሺ፣ የጻፍሽውን አብረን እናስፍቅ» አለችኝ። ሁለታችን ዓብዱልአዚዝ ዘንድ ሄድን። መጀመሪያ የፍርድ ቤት ወረቀት ካላመጣችሁ አለ። ኡባህ ከጠረጴዛው ፊት አልነቃነቅ አለች። እኔም ጽሕፈቱ የእኔ መሆኑን ነገርኩት፤ እንዲያመሳክርም ያንኑ መስመር በሌላ ወረቀት ጻፍኩለት። ሁለቱን ጽሕፈት አስተያየ። ወደ በሩ ቃኘ፤ ማንም አልነበረም። ቀይ እስክሪብቶ አነሳና የእኔን ቆንጆ መስመር በአንድ ጭረት ሰረዘው።

«ሥራ የሚለው ላይ ምን ልበል?»

«ኩሊ» አለች ኡባህ። «ባቡር ጣቢያ። ሰኔ 1979 ሞተ በል።»

ጻፈው። ወረቀቱን ከእጁ ወስዳ ራሷ አነበበችው፤ ሁለት ጊዜ አነበበችው።

«እንግዲህ» አለችው፣ «የቀረኝን ሁለት ቀን ፈቃድ ስጠኝ።»